"ጎዳ" ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ፦ ኸርት፣ ኢንጀር፣ ዳሜጅ፣ ዉንድ ወይስ ሃርም? ደረጃ በደረጃ

ይሄን ነገር ቁጭ ብዬ ልጽፈው ካሰብኩ ቆይቷል። እዚሁ ጅማ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወይ ለመግባት የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው፣ ጥቂት ነርሶች አሉ፣ ቡና ላኪ ቤት የሚሰሩም አሉ፣ እና ደረጃቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ነው የሚደናቀፉት። "ጎዳ" የሚለው ቃል ላይ።

ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ አማርኛችን "ጎዳ" ላይ ሁሉንም ይጭነዋል። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ማታ እስክትገቡ የምትሰሙትን አስቡት እስቲ። "አዲሱ ጫማ እግሬን ጎዳኝ።" "ዝናቡ የተሰጣውን ቡና ጎዳው።" "ኮረኮንቹ ባጃጄን ጎዳብኝ።" "ሲጋራ ጤና ይጎዳል።" "የተናገረችኝ ነገር በጣም ጎዳኝ።" "ዋጋ ወርዶ ነጋዴው ተጎዳ።" "እንዴ! ምነው እንዲህ ተጎዳህ፣ አሞህ ነበር እንዴ?" ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ ግሱ አንድ። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ከመምረጡ በፊት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ምኑ ተጎዳ፣ በምን ተጎዳ፣ ታስቦ ነው ወይስ በአጋጣሚ፣ ለእነዚህ መልስ ካልሰጣችሁት ቃሉን አታገኙትም። እኔ የማስተምረው ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል መጠየቅን ነው፣ ቃላቱን ከነትርጉማቸው መሸምደድ ብዙም አልጠቀመንም፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ አምስቱም ጋ "መጉዳት" ነው የሚለው።

አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ፣ እዚህ ከተማ ያው ብዙዎቻችን ሁለቱንም ነው የምንናገረው፣ "ሚዼ" የሚለውም እንደ "ጎዳ" ሰፊ ስለሆነ ችግሩ ያው ነው። "መዳ" ግን ቁስል ስለሆነ ወደ ኋላ ስለ ዉንድ ሳወራ ይረዳችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንግሊዝኛውን በኛው ፊደል ነው የምጽፈው፣ ድምፁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ኸርት የምለው አፍ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚወጣው፣ ልብ የሚባለው ሃርት ሌላ ቃል ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

1ኛ፦ መጀመሪያ "ምኑ ነው የተጎዳው?" በሉ

ስለ ቃሉ ገና አታስቡ። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ያዙና የተጎዳውን ነገር ፈልጉ። ሦስት ቦታ ነው የሚወድቀው፣ ወይ ሥጋና ደም ያለው ነው፣ ሰው ወይ እንስሳ፣ ወይ ዕቃ ነው፣ መኪና ቤት ስልክ እህል ምናምን፣ ወይ በእጅ የማይዳሰስ ነው፣ ጤና፣ ስም፣ ንግድ፣ ስሜት፣ አካባቢ። ይቺ አንድ ጥያቄ ብቻ ግማሹን ስህተት ታስቀርላችኋለች፣ እውነቴን ነው።

ሰፈራችን ያለ የባጃጅ ሹፌር አንድ ፈረንጅ ጭኖ ሳለ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የባጃጁ ጎን ገባ። እሱም "ማይ ባጃጅ ኢዝ ኢንጀርድ" አለው። ሰውዬው ደንግጦ የሹፌሩን እጅና ጭንቅላት ማየት ጀመረ፣ ደም ፍለጋ ማለት ነው። ኢንጀርድ የሚለውን የሰማ ጆሮ ገላ ይፈልጋላ። ሹፌሩ ይሄን ከነገረኝ በኋላ ነው ይቺን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኳት።

2ኛ፦ ዕቃ ከሆነ ዳሜጅ

ዕቃ ሲጎዳ ዳሜጅ ነው። ባጃጁ፣ "ማይ ባጃጅ ኢዝ ዳሜጅድ"። ዝናቡ ቡናውን፣ "ዘ ሬይን ዳሜጅድ ዘ ኮፊ"። ጅሬን ላይ እንዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለ የእንጨት ሥራ ሲሆን ደግሞ ምስጥና እርጥበት ናቸው ዳሜጅ የሚያደርጉት። ዳሜጅ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነገሩ ዋጋው ወይ አገልግሎቱ ቀነሰ ነው፣ ገና አልጠፋም፣ ምናልባት ይጠገናል። ከላቲን ነው የመጣው፣ ሥሩ ኪሳራ ማለት ነው፣ ይሄን ብታስታውሱ ጥሩ ነው ምክንያቱም ቀጥሎ የምናገረው ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ጉዳቱ ሲከፋ ቃሉም ይለወጣል። የተሰጣው ቡና ትንሽ ዝናብ ነክቶት ደረጃው ከወረደ ዳሜጅድ ነው፣ ሻግቶ ሽታው ተለውጦ ማንም የማይገዛው ከሆነ ሩዊንድ ነው፣ መጋዘኑ ተቃጥሎ አመድ ከሆነ ዲስትሮይድ ነው። ስለዚህ "ቶታሊ ዳሜጅድ" እያላችሁ ከምታጠናክሩት ቀጥሎ ያለውን ቃል ውሰዱ። ምግብ ሲበላሽ ስፖይል ነው፣ ወጡ አድሮ ሲበላሽ ዳሜጅ አይባልም። ባጃጁ ሳይጋጭ ሞተሩ ቀጥ ሲል ደግሞ ብሮክ ዳውን ነው፣ እኛ ለወጡም ለሞተሩም "ተበላሸ" ስለምንል እዚህም ጋ ተጠንቀቁ።

አሁን የኪሳራው ነገር። ዳሜጅ ስም ሲሆን አይቆጠርም፣ "ሜኒ ዳሜጅስ" አይባልም፣ "ኤ ሎት ኦፍ ዳሜጅ" ነው፣ አያያዣው ደግሞ ቱ ነው፣ "ዳሜጅ ቱ ዘ ሩፍ"። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ስ ጨምሮ ዳሜጅስ ሆኖ ውል ላይ ወይ ፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ካገኛችሁት ትርጉሙ ሌላ ነው፣ ካሳ ማለት ነው፣ ብር። ቡና ላኪ ቤት የሚሰራ አንድ ተማሪዬ ውል ውስጥ "ላየብል ፎር ዳሜጅስ" የሚለውን አንብቦ ስለተቀደደ ጆንያ የሚያወራ መስሎት አልፎት ነበር፣ የሚለው ግን ካሳ ለመክፈል ተጠያቂ ነህ ነው። ከውጭ ገዢ ጋር የምትጻጻፉ ሁሉ ይቺን ስ ዓይናችሁ አይለፋት፣ በብር የምትታሰብ ስ ናት።

ሰውስ ዳሜጅድ ይባላል? ሰውየው በሙሉ አይባልም፣ ቢባልም ውስጡ የተሰባበረ ዓይነት የሚከብድ ንግግር ነው፣ ሰው ፊት አትናገሩት። የሰውነት ክፍል ግን ይባላል፣ በተለይ ውስጥ ያለና ሥራው የሚቀንስ። መጠጥ ጉበትን ዳሜጅ ያደርጋል፣ ኢርፎን ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ የመስማት ችሎታን ዳሜጅ ያደርጋል፣ ነርቭ ዳሜጅ ይሆናል። ጉበትና ጆሮ እዚህ ጋ እንደ ሥራ መሣሪያ ነው የሚታዩት ብላችሁ ያዙት።

3ኛ፦ ገላ ከሆነ ኸርት ወይስ ኢንጀር

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ብዙ ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ኸርት የቤት ቃል ነው። ልጅ ሲወድቅ፣ ጣት በር ሲይዘው፣ ወገብ ከባድ ነገር ሲያነሳ፣ ቀላሉም ከበድ ያለውም ይገባበታል። ኢንጀር የሪፖርት ቃል ነው፣ አደጋ፣ ኳስ ሜዳ፣ ዜና፣ የሐኪም ወረቀት። ትርጉማቸው ይቀራረባል፣ የሚለያቸው ማን ለማን ነው የሚናገረው የሚለው ነው። ለእናታችሁ ስልክ ደውላችሁ "አይ ወዝ ኢንጀርድ" ካላችሁ ሆስፒታል የተኛችሁ ነው የሚመስላት፣ "አይ ኸርት ማይ ሀንድ" ካላችሁ እጄን ትንሽ ጎዳሁት ነው። በተቃራኒው የመኪና አደጋ ሪፖርት ላይ "ስሪ ፒፕል ወር ኢንጀርድ" ነው የሚባለው፣ ኸርት ብትሉም ይገባል ግን የወሬ ቋንቋ ይሆናል።

ኸርት ባህሪው ልዩ ነው፣ ትናንትም ዛሬም መልኩን አይለውጥም። ኸርት፣ ኸርት፣ ኸርት። "ኸርትድ" የሚባል ነገር የለም፣ ይቺን ስህተት ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ዛሬውኑ ጣሏት።

ሌላው በጣም የሚከብደን ባለቤቱ ነው። የ60 ኪሎ የቡና ጆንያ ያነሳ ሰው ወገቡን ሲያመው እኛ "ወገቤን ተጎዳሁ" ነው የምንለው፣ ጉዳቱ መጣብን እንላለን። እንግሊዝኛው "አይ ኸርት ማይ ባክ" ነው፣ ቃል በቃል ሲታይ ወገቤን ጎዳሁት፣ ሆን ብሎ ያደረገው ይመስላል። አይደለም። "ሂ ብሮክ ሂዝ ሌግ" ሲባልም እግሩ ተሰበረ ማለት ነው፣ ማንም እግሩን አልሰበረም። ተማሪዎቼ ይሄን ሲሰሙ ምቾት አይሰጣቸውም፣ "ቲቸር እሱ እኮ አልፈለገም" ይሉኛል፣ ልክ ናቸው አልፈለገም፣ ግን ቋንቋው እንደዚህ ነው የሚናገረው፣ በገላ ላይ ለሚደርስ አጋጣሚ ባለገላውን ባለቤት ያደርገዋል።

መጠኑን ስትናገሩ ቬሪ ላይ አትቸኩሉ። "ባድሊ ኸርት"፣ "ሲሪየስሊ ኢንጀርድ"፣ "ስላይትሊ ኢንጀርድ" በሉ። "ቬሪ ኢንጀርድ" አይባልም። "ቬሪ ኸርት" ይባላል ግን ያ ስሜቱ የተጎዳ ሰው ነው፣ እግሩ የተጎዳ አይደለም፣ አያችሁ በአንድ ቃል ልዩነት ከገላ ወደ ልብ ሄደ።

ኢንጀሪ ስም ነው ይቆጠራል፣ "ቱ ኢንጀሪስ"፣ "ኤ ሄድ ኢንጀሪ"። "ዚ ኢንጀርድ" ሲባል ደግሞ ተጎጂዎቹ ማለት ነው፣ በኸርት ግን እንደዛ ማለት አይቻልም። ኳስ የምትወዱ ይሄ ቃል እንግዳ አይሆንባችሁም፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ስቴዲየም የነበራችሁ "ባከነ ሰዓት" ሲባል ልባችሁ እንዴት እንደሚመታ ታውቃላችሁ፣ እንግሊዞቹ ያንን ሰዓት ኢንጀሪ ታይም ይሉታል፣ ተጫዋች ተጎድቶ ሜዳ ላይ ሲታከም የባከነችው ደቂቃ ስለምትጨመር ነው ስሙ የመጣው።

የቃሉ ሥር ደግሞ ደስ ይለኛል። ኢንጀሪ ከላቲን ሲመጣ መጀመሪያ ትርጉሙ በደል ነበር፣ ከፍትሕ ውጪ የተደረገ ነገር። ለዛ ነው ሕግ ላይ "ዚ ኢንጀርድ ፓርቲ" ሲባል ምንም ያልቆሰለ ሰው ሊሆን የሚችለው፣ ተበዳይ ወገን ማለት ነው። ሕግ የምታጠኑ ልጆች "የቆሰለው ወገን" ብላችሁ እንዳትተረጉሙት።

አንድ ነገር አደራ። "አካል ጉዳተኛ" የሚለው ውስጥ ጉዳት ስላለ ኢንጀርድ ወይ ዳሜጅድ ብሎ የሚተረጉም ሰው ገጥሞኛል። ይሄ ሰው ያስከፋል። "ኤ ፐርሰን ዊዝ ኤ ዲስአቢሊቲ" ነው፣ ሲወለድ ጀምሮ የሆነም በአደጋ የሆነም በዚሁ ይጠራል።

4ኛ፦ "አመመኝ" ሲሆን

ይሄ ከጎዳ ጎን ያለ ነው ግን ሳይነሳ አይታለፍም። "ራሴን አመመኝ" ስንል የሚያመን ነገር አይታወቅም፣ ባለቤቱ የለም፣ ራስ ደግሞ ተቀባይ ነው። አፋን ኦሮሞም "መታ ና ዹኩበ" ሲል እኔን ነው የሚያመው። እንግሊዝኛው ራሱን ባለቤት ያደርገዋል፣ "ማይ ሄድ ኸርትስ"። በቃ ይሄ ነው፣ ያመመው ክፍል ፊት ይመጣል፣ ኸርትስ ይከተላል፣ "ሚ" የሚል አይጨመርም። "ማይ ሄድ ኢዝ ፔይኒንግ ሚ" የሚለውን ተዉት፣ "አይ አም ፔይን"ንም ተዉት፣ ይሄኛው እኔ ሕመም ነኝ ማለት ነው የሚሆነው።

ነርሶች ለእናንተ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፣ "ዌር ዳዝ ኢት ኸርት?" የት ጋ ነው የሚያምህ፣ እና እጃችሁን ቦታው ላይ አድርጋችሁ "ዳዝ ኢት ኸርት ሂር?" እዚህ ጋ ያምሃል? እዚህ ጋ ኢንጀር ፈጽሞ አይገባም፣ ሕመም የሚሰማው ኸርት ነው፣ ኢንጀር ስለሚሰማው አያወራም፣ ስለደረሰው ነው የሚያወራው። በሽታ ከሆነ ደግሞ፣ ጉንፋን ወባ ታይፎይድ፣ ኸርትም ኢንጀርም አይደለም፣ ሲክ ወይ ኢል ነው።

5ኛ፦ መሣሪያ ካለበት ዉንድ

ጥይት፣ ጩቤ፣ ጦር፣ ጦርነት። ሰው ሆን ብሎ ሰውን በመሣሪያ ሲያቆስል ዉንድ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የቆሰሉት "ዘ ዉንዲድ" ናቸው፣ ኢንጀርድ አይባሉም። ዜና ስታዳምጡ ይሄ ልዩነት ብዙ ይነግራችኋል፣ "ፋይቭ ኢንጀርድ" ካለ መኪና ተገልብጦ ወይ ሕንፃ ተደርምሶ ሊሆን ይችላል፣ "ፋይቭ ዉንዲድ" ካለ ግን መሣሪያ እንደነበረ ገና ሳይነገራችሁ ታውቃላችሁ። ካዡዋልቲ የሚለውንም አብራችሁ ያዙ፣ ሟች ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ የሞቱትንም የቆሰሉትንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው።

ስሙ ግን ከግሱ ይሰፋል። ዉንድ እንደ ስም ማንኛውም የተከፈተ ቁስል ነው፣ የቀዶ ጥገና ቁስልም ዉንድ ነው፣ "ክሊን ዘ ዉንድ" ይባላል፣ መሣሪያ አያስፈልገውም። ግን እኛ ቁስል የምንለው ሁሉ ዉንድ አይደለም። የጨጓራ ቁስለት አልሰር ነው። ጫማ የላጠው ተረከዝ ላይ ውሃ የቋጠረው ብሊስተር ነው። አፍ ውስጥ የወጣው ሶር ነው። ንባቡን በተመለከተ፣ ገመድ ወይ ክር ጠቀለለ የሚለው ቃል ባለፈ ጊዜ ሲሆን ፊደሉ ከዉንድ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ "ዋውንድ" ነው የሚነበበው፣ ጽሑፍ ላይ ስታዩት ዓረፍተ ነገሩን ሳታነቡ ድምፁን አትወስኑ።

6ኛ፦ ቀስ ብሎ የሚጎዳ፣ የማይዳሰስ ከሆነ ሃርም

ሲጋራ ጤናን፣ ፕላስቲክ አዌቱ ወንዝን፣ ሐሜት የሰውን ስም፣ ሁሉም ሃርም ይገባባቸዋል። ሃርም ውስጥ ያለው ሐሳብ ደኅና የነበረው ነገር ደኅንነቱ ተነካ ነው፣ ቁስሉ ላይታይ ይችላል፣ ዛሬ ላይሰማ ይችላል። ስም ላይና አካባቢ ላይ ዳሜጅም ይባላል፣ ዳሜጅ ስትሉ የጎደለውን ታዩታላችሁ፣ ሃርም ስትሉ የተጎዳውን ታስቡለታላችሁ፣ እኔ ልዩነቱን የማየው እንደዚህ ነው።

በንግግር እንደ ግስ ብዙም አይመጣም፣ ስም ሆኖ ነው የሚበዛው፣ "ዱ ሃርም"፣ "ኮዝ ሃርም"። "ኢት ዲድ ሞር ሃርም ዛን ጉድ" ከጥቅሙ ጉዳቱ በለጠ ነው። ቅፅሉ ሃርምፉል ነው፣ ተቃራኒው ሃርምለስ። ሰው በስህተት ቢገፋችሁና ይቅርታ ቢላችሁ "ኖ ሃርም ደን" ትሉታላችሁ፣ ምንም አይደል እንደምንለው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙት የምፈልገው። አንዲት የነርስ ተማሪዬ የልምምድ ሪፖርት ጽፋ አመጣችልኝ፣ ሰውዬው የቡና እርሻ ውስጥ ሲመነጥር ገጀራው አምልጦት እግሩን የቆረጠው ነው፣ እሷ "ዘ ፔሸንት ሃርምድ ሂምሰልፍ" ብላ ጽፋዋለች። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ግን ይሄን ያነበበ ሐኪም ሰውዬው ራሱን ሆን ብሎ እንደጎዳ ነው የሚረዳው፣ ሰልፍ ሃርም የሚባለው ራስን አስቦ መጉዳት ነው፣ የሚደረግለት ክትትልም የሚጠየቀው ጥያቄም ሌላ ነው። መጻፍ የነበረባት "ኸርት ሂምሰልፍ" ወይ "ኢንጀርድ ሂዝ ሌግ" ነው፣ እነዚህ አጋጣሚን ይይዛሉ። ለወደቀ ልጅ "ዲድ ዩ ኸርት ዩርሰልፍ?" ተብሎ ይጠየቃል፣ በሃርም ግን በፍፁም አይጠየቅም። ይቺን ልዩነት የማያውቅ ሰው ወረቀት ላይ ስለሌላ ሰው ትልቅ ነገር ሊናገር ይችላል ሳያስበው፣ ስለዚህ ጤና የምትማሩ ልጆች በተለይ፣ እባካችሁ።

ቤታችሁ የአረም ወይ የተባይ መድኃኒት ካለ ደግሞ ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡት፣ ለእንግሊዝኛም ለሕይወትም ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ የኬሚካል ማስጠንቀቂያ ቃላቱን በደረጃ ነው የሚጠቀመው። "ሃርምፉል ኢፍ ስዋሎውድ" ቢዋጥ ይጎዳል ነው። "ቶክሲክ ኢፍ ስዋሎውድ" ከሱ ይብሳል፣ ይመርዛል። "ፌታል ኢፍ ስዋሎውድ" ይገድላል ነው። ሦስቱም "ይጎዳል" ተብለው ከተተረጎሙ ገበሬው በምን ያውቃል? ደግሞ እዛው ላይ ዓይን ሲመጣ ቃሉ ሲለወጥ ታያላችሁ፣ "ኮዝስ ሲሪየስ አይ ዳሜጅ" ይላል፣ ዓይን የሰውነት ክፍል ስለሆነ ማለት ነው፣ ቅድም ጉበትና ጆሮ ላይ እንዳልኩት። ስለሚጠባ ሕፃን ሲናገር ግን "ሜይ ኮዝ ሃርም ቱ ብረስት ፌድ ቺልድረን" ይላል፣ ሕፃኑ ሙሉ ሰው ነዋ፣ ዳሜጅ አይባልም። እነዚህን ቃላት የመረጧቸው ሰዎች እያንዳንዷን አስበውባታል።

7ኛ፦ ልብ ሲጎዳ፣ ኪስ ሲጎዳ

የተናገረችኝ ነገር ጎዳኝ፣ "ዋት ሺ ሰድ ኸርት ሚ"። ስሜት ላይ ኸርት ነው የሚሠራው፣ "ሺ ኸርት ማይ ፊሊንግስ" ማለትም ይቻላል፣ የሚጎዳ ንግግር ኸርትፉል ነው። ኢንጀር አታድርጉት። ዉንድ ክብር ወይ ኩራት ሲነካ ይመጣል፣ "ዉንዲድ ፕራይድ"፣ መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል ግን ትክክል ነው። ሃይማኖት ወይ ባህል ተነክቶ ሰው ቅር ሲለው ኦፈንድ የሚለው ይሻላል።

ገንዘብ ላይ እኛ "ተጎዳሁ" ስንል ከሰርኩ ማለታችን ነው፣ ለራሳችሁ ስትናገሩ "አይ ሎስት መኒ" በሉ፣ "አይ አም ኢንጀርድ" ካላችሁ ፋሻ ነው የሚያመጡላችሁ። በአጠቃላይ ስለ ገበያ ሲሆን ግን ኸርት ይገባል፣ "ሎው ኮፊ ፕራይስስ ኸርት ፋርመርስ"፣ ዜና ላይ ሁሌ ታገኙታላችሁ።

አንዲት ከኛ ጋር ቁጭ የምትገጥም አባባልም አለች። ለመጠየቅ የሚያፍር ጓደኛችሁን "ብትጠይቅ ምን ትጎዳለህ?" ትሉት የለ? እነሱም "ኢት ውድንት ኸርት ቱ አስክ" ይላሉ። በሌላው ሁሉ ተለያይተን እዚህ ጋ መገናኘታችን ይገርመኛል።

8ኛ፦ ሰባቱን አሁን እንመልሳቸው

ወረቀት ያዙና መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከዛ የኔን እዩ። ጫማው፦ "ዚዝ ሹስ ኸርት ማይ ፊት"፣ የሚሰማ ሕመም ስለሆነ ኸርት። ቡናው፦ ዳሜጅድ፣ ከሻገተ ሩዊንድ። ባጃጁ፦ "ዘ ራፍ ሮድ ዳሜጅድ ማይ ባጃጅ"። ሲጋራው፦ "ስሞኪንግ ሃርምስ ዩር ሄልዝ"፣ ሳንባ ብላችሁ ለይታችሁ ከጠራችሁት ግን "ስሞኪንግ ዳሜጅስ ዩር ላንግስ"፣ እዚህ ዳሜጅስ ግስ ስለሆነ ነው ስ ያላት፣ የካሳዋ ስ አይደለችም። ንግግሯ፦ ኸርት። ነጋዴው፦ "ዘ ትሬደር ሎስት መኒ"።

ሰባተኛው ላይ ብዙ ሰው ይቆማል። "ምነው እንዲህ ተጎዳህ?" የሚለውን ለቆየ ጓደኛችን የምንለው ከስቶ፣ ፊቱ ጠውልጎ ስናየው ነው፣ ስለናፈቀንና ስላሳሰበን ነው የምንለው። ከአምስቱ ቃላት አንዱም አይሸከመውም። "ዩ አር ኢንጀርድ" ካላችሁት ገላውን ያያል፣ "ዩ አር ዳሜጅድ" ካላችሁት ይቀየማል። "ዩ ሉክ ቲን" ብቻ ካላችሁት ደግሞ ቀጭን ሆንክ ብላችሁ ያሞገሳችሁት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ያየነውን ትተን ያሳሰበንን ነው የምንጠይቀው፣ "ዩ ሉክ ወርን አውት፣ ሃቭ ዩ ቢን ኢል?" ደክሞህ ነው የማይህ፣ አሞህ ነበር ወይ?